ቅጣቱ ቀርቷል

"መምህርት፣ በእርስዎ ስም የተበላሸ ብድር ይታያል" አለችኝ የባንኩ የብድር ክፍል ሠራተኛ።

ጆሮዬ የያዘው "የተበላሸ" የሚለውን ብቻ ነው። ወጥ ይበላሻል፣ መኪና ይበላሻል፣ ልጅም ሲያሞላቅቁት ይበላሻል፤ ብድር እንዴት ሆኖ ነው የሚበላሸው? ደግሞስ የምን ብድር? እኔ የመጣሁት ገና የቤት መግዣ ልበደር ነው። አጠገቤ የተቀመጠውን ባለቤቴን ዞር ብዬ አየሁት። እሱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስቴፕለር አተኩሮ ያያል።

"ተሳስተሽ እንዳይሆን የኔ እናት፤ ስም የሚመሳሰል ሰው ስንት አለ" አልኳት።

ልጅቷ ትሑት ናት። የእኔን ስም፣ የአባቴን፣ የአያቴን፣ የስልኬንም ቁጥር ረጋ ብላ አነበበችልኝ። ሁሉም የእኔ ነው። ቀጥላም ከጦርነቱ በፊት ከአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም የወሰድኩትን ብድር ጠራች። ይኼኔ ገባኝና ሳቄ መጣ።

"እሱማ አልቋል! ዋናውን ከፍዬ ጨርሻለሁ። ቅጣቱ ደግሞ ቀርቷል።"

"አዎ፣ ቀርቷል" አለች።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ስለቀረ ነዋ፣ መምህርት።"

ተያየን። እሷም "ቀርቷል" ትላለች፣ እኔም "ቀርቷል" እላለሁ፤ እሷ ግን ፊቷ ሐዘን ነው፣ እኔ ደግሞ ፈገግ እንዳልኩ ነኝ። ፈገግታዬን የት እንደማደርገው ግራ ገባኝ።

ጉዴን ከመጀመሪያው ላውራችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። የመቀሌ ሰው አግብቼ እዚህ ከመጣሁ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈኝ። ባለቤቴ በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። ቤታቸው ትግርኛ፣ ሰፈራቸው ትግርኛ ለሆኑ ልጆች ነው አማርኛ የማስተምረው። እነሱ ደግሞ በተራቸው ያስተምሩኛል፤ ሐመሩን "ሐ" እና ዐይኑን "ዐ" ከጉሮሮዬ አውጥቼ በትክክል ማለት ስለማልችል፣ "ቲቸር እንደገና" እያሉ ይስቁብኛል። ከማስተምራቸው ርእሶች አንዱ "አሻሚ ቃላት" ይባላል። ሁለት ፍቺ ስላላቸው ቃላት ነው። ይህንን እዚህ ላይ ማንሣቴ ለሐፍረቴ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

የምንኖርበት ቤት ከሮማናት አደባባይ ወደ ላይ በእግር ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። አንድ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ ግቢ ውስጥ ወጥ ቤት። ልጃችን የተወለደችው እዚያ ነው። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ ወጣት ሳሉ በሥራ አገር ለአገር ስለዞሩ አማርኛቸው ከእኔ ተማሪዎች ይሻላል። ደሞዝም ባንክም ስልክም በሌለበት በዚያ ጊዜ፣ አንድ ቀን "ኪራይ" ብለው በራችንን አላንኳኩም። በኋላ ደሞዝ ሲጀመር ባለቤቴ የተጠራቀመውን እንዴት እንደምንከፍል ሊነጋገር ሄደ፤ እኔም ከኋላው ነበርኩ። እጃቸውን ወዘወዙና፣ "የዚያን ጊዜ ኪራይ ቀርቷል፤ ከአሁን ጀምሩ" አሉን። እጃቸውን ስሜ አለቀስኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ናቸው።

ታዲያ ባለፈው ግንቦት እኚሁ ሰው ደጃችን መጥተው ተቀመጡ። "ጓለይ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጆቻቸው ተመካክረው ቤቱ ይሸጥና እንካፈል ብለዋቸዋል። "ለሌላ ከመስጠቴ በፊት ለእናንተ ልስጣችሁ። ዋጋውንም ገበያው እንደሚለው አላደርገውም። ግን ዓሸንዳ ከገባ በኋላ ልጆቹን ማስቆም አልችልም" አሉ።

ዓሸንዳ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ሦስት ወር አለን ማለት ነው። እኔ የዛን ጊዜ የመምህራን ዕቁብ ደርሶኝ ነበር፤ ለቅድሚያ ክፍያ ይሆናል። ቀሪውን ባንክ ያበድረናል። ሁለታችንም ደሞዝተኞች ነን፣ ማን ይከለክለናል? ያንን ቤት ብናጣ በዚያ ዋጋ ግንብ አጥርም አናገኝም። እንዲህ ብዬ ነው ባለቤቴን እየጎተትኩ ባንክ የሄድኩት።

አሁን ወደ አሮጌው ብድር ልመለስ። ከጦርነቱ በፊት ትምህርት ቤታችን አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ ፎቶ ኮፒ ማሽን አስገብቼ ነበር። ማሽኑን የገዛሁት በብድር ነው። ስድስት ወር ያህል አንድም ቀን ሳላሳልፍ ከፈልኩ። ከዚያ የሆነው ሆነ። ባንኩ ተዘጋ፣ ተቋሙ ተዘጋ፣ ሱቁም ተዘጋ። ብከፍል የሚቀበለኝ የለም፤ ብፈልግ የምከፍለው የለኝም።

ነገሩ በርዶ ሁሉም ሲከፈት ተቋሙ ደወለልኝ። ማሽኑን ሸጥኩ፣ የጋብቻ ሐብሌን ሸጥኩ፣ ከባለቤቴ ጋር ሄጄ ከፈልኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ወፈር ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው። አማርኛው ኮሌጅ የለመደው ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዴ "እርስዎ" አንዴ "አንቺ" ይለኛል። ደረሰኙን መትቶ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ፦

"እንግዲህ እርስዎ ዋናው ተከፍሎልሻል። ቅጣቱ ቀርቷል።"

"ቀርቷል?"

"ቀርቷል።"

"እውነትህን ነው?"

"ሲስተሙ ላይ ይኸው አለ" አለና ስክሪኑን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

ኧረ በእናታችሁ! ኪራዩ የቀረልን በዚያው ወር ነው። ኪራይ ከቀረ ቅጣት ለምን አይቀርም? ባንኩን የዘጋሁት እኔ አይደለሁ፤ መቼም ይኼን የሚያይ አንድ አምላክ አለ አልኩ። መስኮቱ ባይኖር ሰውዬውን ጉንጩን እስመው ነበር። "እግዚአብሔር ይስጥህ! ልጆችህ ይባረኩ! እጅህ አይንጠፍ!" ብዬ መርቄው ወጣሁ። ሰውዬው "አሜን… እሺ… አሜን" ሲል ከኋላዬ ሰማሁት።

ይኸው ነው ታሪኩ። ከዚያ ወዲህ ያንን መሥሪያ ቤት ደጃፍ ረግጬው አላውቅም።

የባንኳ ልጅ ይህን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ በትዕግሥት፣ "የብድር ደረጃዎ ዝቅ ብሏል" አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ልጅ ውጤት ስሰጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ለራሴ ሲወጣልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

"ከስንት ነው የሚታረመው?" አልኳት።

"አንድ ሰው የሚሰጠው ማርክ አይደለም። ያበደረዎት ሁሉ በሰዓቱ ከፈለች፣ ዘገየች፣ አልከፈለችም ብሎ ይመዘግባል። እኛ ከማበደራችን በፊት ከፍተን እናያለን።"

"ብዙውን ከፍላ ትንሽ ቀራት አይልም?"

"ትንሽም ቢሆን ያልተዘጋ ያልተዘጋ ነው።"

"እኔ እኮ መልሱን ስቶ መንገዱን ላሳየ ልጅ ግማሽ ማርክ እሰጣለሁ!"

ባለቤቴ በክርኑ ነካ አደረገኝ። አልሰማሁትም። "እሺ፣ ባንኩ ራሱ ተዘግቶ የነበረበት ጊዜስ? ልክፈል ብል በሩ የት ነበር?"

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እሱ በተለየ ሁኔታ ይታያል ተብሎ ነበር። እንዴት እንደሚታይ ግን እውነቱን ለመናገር ለእኛም ግልጽ አይደለም።"

"ነገ ሄጄ ብከፍልስ ደረጃዬ ይስተካከላል?"

"ብድሩ ይዘጋል።"

"ይስተካከላል ወይ ነው ያልኩሽ።"

"ይዘጋል፤ ታሪኩ ግን ይታያል።"

"እስከ መቼ?"

"እሱን… እጠይቅልዎታለሁ" አለች።

ስወጣ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምንም እንዳልገባኝ። "ባለቤቴ ብቻውን ይበደርስ?" ብዬም ከበሩ ተመልሼ ነበር። ባልና ሚስት ሲሆኑ የሁለቱም ይታያል አለችኝ። የእሱ ንጹሕ ነው፤ የሚያቆሽሸው እኔን ማግባቱ ነው ማለት ነው። እያሳቀኝ ሆድ ባሰኝ።

በማግስቱ ብቻዬን ወደዚያ የብድር ተቋም ሄድኩ። ባለቤቴ ሥራ ገብቷል። ሰውዬው እዚያው መስኮት፣ እዚያው ወንበር ላይ ነው። ገና ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"ፎቶ ኮፒ!" አለኝ። "የት ጠፋሽ? ሁለት ዓመት ስትመጪ ብዬ እጠብቃለሁ!"

"ለምን እመጣለሁ? ቀርቷል አላልከኝም?"

"አዎ! ቀርቷል አልኩሽ!"

"እኔም ቀርቷል ስላልከኝ ነው የቀረሁት!"

አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። "ዋይ ኣነ! ተሪፉ ማለቴ ነው እኮ… ገና አለ… ከሒሳቡ ላይ ቀርቷል!" በትግርኛ "ተሪፉ" ያለውን ነገር በጭንቅላቱ ሲተረጉመው "ቀርቷል" ሆኖ መጣለት። አልተሳሳተም፤ ምን ብዬ ልቆጣው? "ሦስት ገጽ ቀርቷል" ስንል ሦስት ገጽ አለ ማለታችን ነው። "ስብሰባው ቀርቷል" ስንል ደግሞ ስብሰባ የለም ማለታችን ነው። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ተቃራኒ። በትግርኛም "ተሪፉ" ሁለቱንም ስለሚሆን አንዱ ቋንቋ ከሌላው አላዳነኝም። እኔ ይህንኑ ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ አስምሬበት፣ ለፈተና አውጥቼው አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን የምሰማው የምፈልገውን ነበር።

"ቅጣት አለብሽ ስላት የመረቀችኝ አንቺ ብቻ ነሽ" አለኝ ሰውዬው እየተሳቀቀ። "ማታ ለሚስቴ ሁሉ ነግሬያታለሁ፤ እንዴት ያለች ጨዋ ሴት መጣች ብዬ።"

መሳቅ አልነበረብኝም፤ ግን ሳቅሁ። ከዚያ ወረቀቱን አወጣልኝ። ቅጣቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ወልዶ ከብዷል። "ሰው አትልኩም? አትደውሉም?" ብዬ ጮህኩ። የስልክ ቁጥሬ ትክክል ቢሆንም የሚደውለው ክፍል ሌላ ነው፣ ያም ክፍል በመሀል ታጥፏል፣ ዝርዝሩ ግን በየወሩ በራሱ ወደ ማዕከል ይላካል። ማለትም እኔን ለመንገር ሰው ያስፈልጋል፤ እኔን ለመክሰስ ግን ማሽኑ ይበቃል። ይኼን ሲነግረኝ እሱ ራሱ ግራ የተጋባ ይመስል ነበር።

ልወጣ ስል አንድ ነገር ጨመረ። "ደግሞ እኮ ለባለቤትሽም ነግሬዋለሁ። አንቺ ወጥተሽ ወረቀቱን ስሰጠው፣ በትግርኛ፣ በደንብ አድርጌ ነው የነገርኩት።"

እግሬ ቆመ። "ለባለቤቴ?"

"አዎ፣ ረጅሙ ሰውዬ።"

ዋሸ ብዬ ወሰንኩ። ጥፋቱን የሚያካፍለው ሰው ሲያጣ ባሌን ጨመረበት አልኩ። ባሌ ዝምተኛ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አይደብቀኝም። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ልደብቅ ቢል እንኳ ፊቱ ያሳብቅበታል። ቢሆንም ማታ ነገሩን ሁሉ ስነግረው ይቺን ብቻ ዘለልኳት። ለምን እንደዘለልኳት አላውቅም። እኔ ነገር አሳድሬ የማላውቅ ሴት፣ ያቺን ጥያቄ አሳደርኳት፤ አንድ ቀን ሳይሆን ሦስት ወር ሙሉ። እሱም ነግሬው ስጨርስ "ሕራይ" ብቻ ብሎ፣ እሺ ማለቱ ነው፣ ራቱን በላ።

ከዕቁቡ ላይ ቆንጥሬ ቅጣቱን ከፈልኩ። ከዕዳ ነፃ የሚል ማኅተም ያለው ደብዳቤ ተሰጠኝ። እየበረርኩ ባንክ አደረስኩት። ልጅቷ ደስ አላት፤ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ አሁንም "የተበላሸ" ይላል። መረጃው የሚታደሰው በየተወሰነ ጊዜ ነው፣ ይጠብቁ አለችኝ። ጠበቅኩ። ሰኔ አለቀ። ታደሰ። "የተበላሸ" የሚለው ጠፍቶ "ዘግይቶ የተዘጋ" የሚል መጣ።

"እልል!" አልኩ። "አሁንስ?"

"አሁን ተሻለ" አለችኝ። "ግን በቅርንጫፍ ደረጃ መወሰን አንችልም። ለምን እንደዘገየ ማብራሪያ ይጻፉና ለኮሚቴው እንልከዋለን።"

ማብራሪያ ጻፊ የተባለችው እንግዲህ የአማርኛ መምህርት ናት። ሁለት ቀን ተቀምጬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። "ቀረ" የሚለውን ግስ በምሳሌ አብራራሁ። ሀ፦ ሠርጉ ቀረ። ለ፦ ሁለት ቀን ቀረ። ሐ፦ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀረ። አመልካቿ "ሀ"ን የተረዳችው ተናጋሪው "ለ"ን ባሰበበት ሁኔታ እንደነበር፣ ይህም ከክፉ ልብ የመጣ አለመሆኑን አስረዳሁ። አንብቤ ስጨርስ ኮራሁ። ባለቤቴ አነበበውና፣ "ኮሚቴው ይኼን የሚያነብ ይመስልሻል?" አለኝ። "ለምን አያነብም? ፊደል አልቆጠረም?" አልኩት። ደብዳቤውን ግን አጣጥፎ ፖስታ ውስጥ የከተተው እሱ ነው።

ሐምሌ ሙሉ ዝናብ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ እኔ በየሁለት ቀኑ ባንክ እመላለሳለሁ። ጥበቃው ሳይፈትሸኝ ማስገባት ጀመረ። ልጅቷ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ገና ነው ማለት ነው። አዛውንቱ ባገኙኝ ቁጥር "ጓለይ፣ ምን አሉሽ?" ይሉኛል። "ኮሚቴ ላይ ነው" እላቸዋለሁ። ኮሚቴው የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ሰው እንደሆነ፣ ሰው ይሁን ሌላ ማሽን አላውቅም። ሌሊት የማልተኛ፣ ቀን የማልነቃ ሆንኩ። ጎረቤት ምን ሆነሽ ሲለኝ ከየት እንደምጀምር ስለማላውቅ "ጉንፋን ነው" እላለሁ።

ነሐሴ በገባ በሳምንቱ መልሱ መጣ። አንድ መስመር ተኩል ነው። ጉዳዩ ታይቶ አመልካቿ ከስድስት ወር በኋላ በድጋሚ እንዲያመለክቱ ተወስኗል ይላል።

"ተከለከልኩ ነው ወይስ ተፈቀደልኝ ነው ይኼ?" ብዬ ጠየቅኳት ልጅቷን።

"አልተከለከሉም" አለችኝ። "ግን… አሁን አይሆንም።"

ምስኪን፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ነኝ ያጽናናኋት።

ለአዛውንቱ የነገርኳቸው በዚያው ቀን ነው። ስድስት ወር ይጠብቁን ብዬ ለመንኳቸው፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ለመንኩ። ልጆቻቸውን ሊያነጋግሩ ሄዱ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ሳለ መጡ። ተቀመጡ ስንላቸው እንቢ ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ለአንድ የቁሓ ነጋዴ ተሸጧል፤ ቀብድም ተቀብለዋል። "ዓይናችሁን ማየት ፈርቼ ነው እስካሁን የቆየሁት" አሉ። ባለቤቴ ተነሥቶ ትከሻቸውን ሳማቸውና እስከ ውጪ በር ሸኛቸው።

ሲመለስ ገና ከበሩ ሳይገባ ያዝኩት። "ያ የብድር ተቋሙ ሰውዬ 'ለባለቤትሽም ነግሬዋለሁ' ብሎኛል። ዋሽቶ ነው፣ አይደል?"

ተቀመጠ። መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"አልዋሸም" አለኝ።

ጨርቄን ጥዬ ማበድ ነው የቀረኝ። ጮህኩ። ምን ምን እንዳልኩ አሁን ሁሉንም አላስታውስም፤ "እኔ ባል ነው ያገባሁት ወይስ ግድግዳ?" እንዳልኩ ግን አስታውሳለሁ። ልጃችን ከጓዳ ብቅ ብላ አየችንና ተመልሳ ገባች። እስክጨርስ ጠበቀኝ። እሱ ሁልጊዜም እስክጨርስ ይጠብቀኛል፤ ያ ራሱ ያናድደኛል።

"ያን ቀን ወረቀቱን ይዤ ስወጣ" አለ፣ "አንቺ መንገድ ላይ ቆመሽ ከማታውቂው ባለባጃጅ ጋር ትስቂያለሽ። ቅጣቱ ቀረልን ትይዋለሽ። እሱም እንኳን ደስ ያለሽ ይልሻል። ስትስቂ ካየሁሽ ስንት ጊዜዬ ነበር! ዛሬን ትሳቅ፣ ነገ እነግራታለሁ አልኩ።"

"ነገስ?"

"ነገም ትስቂ ነበር።"

"ታዲያ እኔ ሳቅሁ ተብሎ ቤት ይሄድብኛል? ባንክ ልንሄድ ስንነሣ እንኳ አትነግረኝም?"

"ጀምሬልሽ ነበር። 'አንድ ነገር ልንገርሽ' ስልሽ 'አሁን ሥራ አታስፈታኝ' አልሽኝ።"

እውነቱን ነው፣ ብዬዋለሁ። ለብድሩ ማመልከቻ ፎቶግራፍ እየፈለግሁ ነበር።

"አጠራቅሜ በዝምታ ልከፍለው ነበር" ብሎ ቀጠለ። "ያኔ ቅጣቱ ገና ብዙ አልሆነም። የትርፍ ሰዓቴን ለብቻው እያስቀመጥኩ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ገንዘቡም ሞልቶልኝ ነበር። በማግስቱ ሄጄ ልከፍል ነበር እኮ።"

"እና? ለምን አልከፈልክም?"

"እናትሽ አረፉ" አለኝ።

ቁጭ አልኩ።

እናቴ ያረፈችው ደሴ ነው። ስልኩ የመጣው ጠዋት ነበር። በመኪና ልድረስ ብል ቀብሩ አይጠብቀኝም፤ የአውሮፕላን ቲኬት ደግሞ እንደኛ ላለ ሰው የሚታሰብ አልነበረም። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ እሱ ወጥቶ ሄደ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን የደርሶ መልስ ቲኬት ይዞ መጣ። በአዲስ አበባ አድርጌ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ወንድሞቼ ቀብሩን አቆይተውልኝ ነበር። ፊቷን አየሁት። ግንባሯን ስሜ አልቅሼ ቀበርኳት። ለቲኬቱ በሥራው በኩል ቅናሽ ያገኘ መስሎኝ ነበር። በእርግጥ መስሎኝም አይደለም፤ አላሰብኩትም።

"ከዚያ እንደገና ከዜሮ ልጀምር ስል ቅጣቱ ወልዶ ደረስኩበት" አለ። "አፈርኩ። ማንም አልጠየቀንም፤ የተረሳ መሰለኝ።"

አፌን ከፈትኩ። ልቆጣ ነበር፣ ግን የምቆጣው በምኑ ነው? የዛን ቀን ቢነግረኝ ኖሮ፣ ራሴን አውቃለሁ፤ ያገኘነውን ሳንቲም ሁሉ በየወሩ ወስጄ ቅጣቱን እዘጋው ነበር። ስሜ ይጸዳ ነበር፣ ዛሬ ቤቱ የእኛ ይሆን ነበር። እናቴን ደግሞ ሌሎች ይቀብሯት ነበር፣ እኔም መርዶዬን እዚሁ መቀሌ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። ከዚህ በላይ ሳስብ ሁሉም ነገር ድብልቅልቅ ይልብኛል።

አሁን ቁሓ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ለእሱ ሥራ ቅርብ ነው፤ እኔና ልጃችን ጠዋት በታክሲ ወደ ከተማ እንገባለን። ስድስቱ ወር ሊሞላ ነው፤ እንደገና ላመልክት አላመልክት አልወሰንኩም። አንዳንድ ቀን በመሥሪያ ቤቱም፣ በማሽኑም፣ በባሌም እናደዳለሁ። ብድግ ብዬ ልናገረው ስል ያ ቀን ይመጣብኝና አፌ ይያዛል። ከደሴ ስመለስ ከሥራው ወጥቶ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ሻንጣዬን ተቀብሎኝ አብረን ወደ ቤት ሄድን። ገንዘቡን ከየት አመጣኸው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም።